ለእርቅ የተሰጠው ራም

ካላምፓራ፣ ኮታያም
ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2009፣ ዐቢይ ጾም በገባ ረቡዕ

ለተወደድሽው ለአክስቴ ለራኬል የልጅ ልጅ፣ ለጂንሲ፤

ባሕርን በቃሉ የገሠጸ ጌታ በአንቺና በእኛ መካከል ያለውን ባሕር የሰላም መንገድ ያድርገው። መስቀጥ ላይ ስትወጪም ስትገቢም የእናቱ ጸሎት ጥላ ይሁንሽ።

ሞሌ፣ ልጄ፣ እኔ ቀሲስ ኢቲ በአምላክ ቸርነት ደኅና ነኝ። ዐይኔን ሞራ እየጋረደው ነው፤ ጆሮዬም እንደምታውቂው ከከዳኝ ቆይቷል። ስልክ በደወልሽ ቁጥር ምራቴ ኤሊያማ ተቀብላ «አፓቻ አይሰሙም፣ ጻፊላቸው» የምትልሽ ለዚህ ነው፤ አንቺን ንቄ አይደለም።

ከልደት በዓል ማግስት ለእኛ ለታች ቤትና ለፖታን ለላይ ቤት እኩል አድርገሽ የላክሽውን የኮምፒውተር ዕቃ እኔና ኤሊያማ በሣልሽልን ሥዕል እየተመራን ገጣጠምነው። አስተማሪ ናትና ጠባይዋ አይለቃትም፤ ብሎኖቹ ከእጄ አምልጠው ወለሉ ላይ ሲበተኑ «አፓቻ፣ ይሄ ጠበል አይደለም፣ አይርጩት» አለችኝ። ቢሆንም ኮምፒውተሩ ተነሣ። መምህሬ በእጃቸው ጽፈው የተዉልኝን የሰሙነ ሕማማት ጸሎት በትልልቅ ፊደል መገልበጥ ጀመርሁ። የቤተ ክርስቲያናችንን መጻሕፍት ምስጥ እንደ በላቸው ሰምተሻል። የመምህሬ ጽሕፈት ደግሞ ቃሉ የአገራችን ማላያላም፣ ፊደሉ የጥንት አባቶች ሱርስት ነው፤ በዚህ አጥቢያ እርሱን የሚያነብ ከእኔ በቀር አልቀረም። ማተሚያ ቤቱ ከሆሳዕና በፊት ካልደረሰኝ አላትምም ብሏል።

ከዚህ የሚበልጥ ዜናም አለኝ። ጾሙ በገባ ሰኞ በይቅርታው ጸሎት ላይ የላይ ቤቱ ፖታን ቸታን ከሕዝቡ መካከል ወጥቶ በፊቴ ተንበረከከ። የአጎቴ ልጅ፣ በታላቅነቱ ቸታን የምለው፣ በሁለቱ ቤቶች መተላለፊያ መንገድ ምክንያት ከተለያየን ወዲህ ቃል ያልተለዋወጥሁት ሰው። እኔም ተንበረከክሁ። እርሱ ጉልበቱን ስለሚያመው እኔ ደግፌ አነሣሁት፤ እኔንም ሌላ ሰው አነሣኝ። አመሻሽ ላይ እንደ አባቶቻችን ደንብ የእርቅ ምልክት ተለዋወጥን። አንዳችን የሌላውን ደፍ ለመርገጥ ገና ነን፤ ነገር ግን ተጀምሯል። ይህን እርቅ እግዚአብሔር እስከ ሞቴ እንዲያቆይልኝ ጸልዪልኝ፤ ሌላ የምለምነው የለኝም።

አሁን ወደ ተቸገርሁበት ነገር ልምጣ። ኮምፒውተሩ እስከ ጾሙ ዋዜማ፣ እስከ ቃና ሰርግ እሑድ ድረስ እንደ ታዛዥ ዲያቆን ያገለግለኝ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ስከፍተው አልነሣ አለ። እኔ ዝም ያለ መስሎኝ ሳለ ኤሊያማ ከማድ ቤት እየሮጠች መጣችና «ምን ነክተውት ነው እንዲህ የሚጮኸው?» አለች። ጢጥ፣ ጢጥ ይላል አለችኝ። ደጋግመን ስናጠፋውና ስናበራው ተነሣ፤ አንድ ገጽ ሳልጨርስ ግን ሰማያዊ ገጽ አውጥቶ ወደቀ። የጻፍሁትም ጠፋ። ነገሩ ግራ ገብቶኛል። ምን እንደማደርግ ቶሎ ጻፊልኝ።

በጸሎቱ የሚያስብሽ
ቀሲስ ኢቲ ቸሪያን


ሩዊ፣ መስቀጥ
ማርች 4 ቀን 2009

ለተከበሩት አባቴ፣ ለኢቲ አቸን፤

እጅዎን እስማለሁ። ጾሙን በጤና እንዲፈጽሙ፣ ድምፅዎም ለሕማማቱ ዜማ እንዲበረታ እዚህ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሻማ አበራለሁ።

ከፖታን አፓቻን ጋር መታረቅዎን ሳነብ የምሠራበት የኮምፒውተር ሱቅ ውስጥ መሆኔን ረስቼ አለቀስሁ። አያቴ በመጨረሻ ሕመሟ ላይ «ለሁለቱም ቤት እኩል አድርጊ» ያለችኝ ይህን ሳታይ እንደምትሄድ ስላወቀች ነው። ዕቃውን እኩል አድርጌ የላክሁትም ለዚያ ነው።

አቸን፣ ያ ጢጥ ጢጥ የሚለው ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የራም ጩኸት ነው። ራም ማለት እነዚያ ሁለቱ ረጃጅም አረንጓዴ ዘንጎች ናቸው፤ በአንድ ማሸጊያ መንታ ሆነው የመጡት። ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን ነገር ሁሉ ለጊዜው የሚይዘው እዚያ ላይ ነው። በእነርሱ ካልተደሰተ አይነሣም፣ ቢነሣም ይወድቃል።

መጀመሪያ ከኤሌክትሪክ ይንቀሉት። የሳጥኑን ብረት በእጅዎ ይንኩ። ከዚያ በማስገቢያው ጫፍና ጫፍ ያሉትን ነጭ ጆሮዎች ወደ ውጭ ገፍተው ሁለቱንም ራሞች ያውጡ። ወርቃማውን ጠርዝ በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብለው ይጥረጉት። መልሰው ሲሰኩ ጆሮዎቹ ራሳቸው ቀጭ ብለው እስኪዘጉ ድረስ ይጫኑ፤ ድምፁን ኤሊያማ ትስማልዎ። ካልሆነ አንድ አንዱን ብቻውን ሰክታችሁ ሞክሩና ምን እንዳደረገ ይጻፉልኝ።

አንድ ነገር ግን ግር ብሎኛል። እስከ እሑድ ደኅና ከነበረ፣ ከእሑድ ወዲህ የተለወጠው ምንድን ነው? መብረቅ ወድቆ ነበር? ሳጥኑን የከፈተው ሰው አለ?

የሱቁ ባለቤት ናስር ደብዳቤዎን ሳነብ አይቶኝ «ያንቺ ቄስ ጸልዮ አያስነሣውም እንዴ?» አለኝ። «ጸሎቱን ሊጽፉበት ነው እኮ የፈለጉት» አልሁት።

ልጅዎ ጂንሲ


ካላምፓራ
ማርች 10 ቀን 2009፣ ከመጻጉዕ እሑድ በኋላ ማክሰኞ

ለጂንሲ፤

አልጋህን ተሸከምና ሂድ ያለው ጌታ ከተኛንበት ሁሉ ያስነሣን። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ የነገርሽኝን ሁሉ በጥንቃቄ ፈጸምሁ።

የኤሊያማን ላጲስ ተውሼ ጠርዙን ጠረግሁ። ጆሮዎቹ ሲዘጉ እኔ አልሰማሁም፤ እርሷ ግን «ቀጭ አለ» ብላ መስክራለች። ሁለቱ አብረው ሲሆኑ ግን ነገሩ እንደ ቀድሞው ነው፤ ይነሣል፣ አንድ ገጽ ሳልጨርስ ይወድቃል።

ቀጥሎ አንድ አንዱን ብቻውን ሞከርሁ። አንደኛው ብቻውን ሲሆን ኮምፒውተሩ ያለ አንዳች እንከን ተነሣ። ሁለተኛው ብቻውን ሲሆን ግን ጨርሶ አልነሣም፤ ኤሊያማ ጆሮዋን ይዛ «ያውጡት፣ ያውጡት» እስክትል ድረስ ጮኸ። ቦታ ብለዋውጥም ያው ነው።

አንዱን ትተው በአንዱ ይጻፉ እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ያን አልችልም። ሁለቱ አብረው ማገልገል አለባቸው። ምክንያቱን ለጊዜው አትጠይቂኝ።

ከእሑድ ወዲህ ምን ተለወጠ ላልሽው፣ መብረቅ አልወደቀም። ከእሑድ ወዲህ የተለወጠው የእኔና የፖታን ነገር ብቻ ነው።

ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ለዕውቀት ያህል ነው የምጠይቀው። በአንድ ማሸጊያ ያልተወለዱ ሁለት ራሞች በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ተስማምተው ለመኖር ይችላሉን? የሚለምዱበት ጊዜ አላቸውን? አዲስ መነኩሴ ወደ ገዳም ሲገባ መጀመሪያ ከማኅበሩ ጋር መጋጨቱ ያለ ነው፤ እየቆየ ግን ይገራል።

የመምህሬን ጽሕፈት ከረቡዕ ጸሎት አላሳለፍሁትም። በየቀኑ የጻፍሁትን በየቀኑ አጣለሁ። ትናንት ኤሊያማ «አፓቻ፣ ይሄ ጾም ነው ወይስ ንስሐ?» አለችኝ። ሳቅሁ፤ በኋላ ግን አሰብሁበት።

ቀሲስ ኢቲ


ሩዊ
ማርች 15 ቀን 2009

ለተከበሩት ኢቲ አቸን፤

በትሕትና እጅ እነሣለሁ። ከነዓናዊቱ ሴት ሳትሰለች እንደ ለመነች እኔም ሳልሰለች ልጠይቅዎ ነው፤ ይታገሡኝ።

የጻፉልኝን ደጋግሜ አነበብሁት፤ አልገባኝም። ለናስር አነበብሁለት፤ እርሱም አልገባውም። መንታ ራሞች እንዲህ አይሆኑም። ሁለቱም በአንድ ቀን ከአንድ ፋብሪካ የወጡ፣ በአንድነት ተፈትነው የታሸጉ ናቸው። አንዱ ደኅና ሆኖ ሌላው ፈጽሞ የማይነሣ ከሆነ፣ ያ ሁለተኛው ሞቷል ማለት ነው። መልመድ የሚባል ነገር የለውም፤ መነኩሴ አይደለም፣ አቸን። አውጥተው ይጣሉት። ወይም በሚመጣ ሰው ይላኩልኝና ናስር ይቀይርልኛል።

ይህን ከጻፍሁ በኋላ የፖታን አፓቻን ምራት፣ የላይ ቤቷ ሱማ ደወለችልኝ። «አማትሽ ደኅና ናቸው?» ስላት «እሳቸው ደኅና ናቸው፣ ኮምፒውተራቸው ነው የታመመው» አለችኝ። ልጆቹ እየተማሩበት ሳለ በድንገት ቀጥ ብሎ ይቆማል አሉ። ከመቼ ጀምሮ ስላት «ከጾሙ ሰኞ ጀምሮ» አለች። ፖታን አፓቻን ግን ለታች ቤት እንዳይነገር ብለው ከልክለዋል አለችኝ። ለምን እንደ ከለከሉ አልነገረችኝም። እኔም ለእርስዎ መጻፍ አልነበረብኝም፤ ግን ካልጻፍሁ መፍትሔውን አላገኘውም።

ሁለት ቤት፣ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ሰኞ። አቸን፣ እባክዎን በሁለቱ ራሞች ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ኤሊያማ ታንብብና ቃል በቃል ይጻፉልኝ። ከዚህ በላይ አልጠይቅም።

ጂንሲ


ካላምፓራ
ማርች 20 ቀን 2009፣ ዓርብ

ለጂንሲ፤

እውነት አርነት ያወጣችኋል ያለው ጌታ ከአንቺ ጋር ይሁን። ላወጣው ያልደፈርሁትን ነገር አንቺ በሩ ድረስ መጥተሽ አንኳኳሽበትና መክፈት ግድ ሆነብኝ።

ወረቀቶቹን ኤሊያማ አንብባለች። አይመሳሰሉም። የአንዱ ፍጥነት ብላ ያነበበችው ቁጥር ከሌላው ይበልጣል፤ የሠሪዎቻቸውም ስም ይለያያል። ሊመሳሰሉም አይችሉም፤ አንዱ የእኔ ነው፣ አንዱ የፖታን ነው።

አያትሽ ነግራሽ እንደሆነ አላውቅም። በወገናችን ሁለት ቤት ሲታረቅ፣ እያንዳንዱ ካለው ጥንድ ነገር አንዱን ለሌላው ይሰጣል። ጥንዱ በሁለቱም ቤት እንዲጎድል፣ ከሁለቱም ቤት እንዲሞላ ነው። የተሰጠውም ነገር በሥራ ላይ ይውላል እንጂ በሣጥን አይቀመጥም፤ ማስቀመጥ ንቀት ነው፣ መመለስ ደግሞ እርቁን መመለስ ነው። አያቶቻችን በሬ ተለዋውጠው ነበር። የላይ ቤቱ በሬ ከእኛው ጋር ተጠምዶ የሩዝ ማሳውን ሲያርስ በልጅነቴ አይቻለሁ፤ ቁመታቸው ስለማይመጣጠን ቀንበሩ ሁልጊዜ ያዘነብል ነበር፤ አባቴ ግን አንድ ቀን እንኳ አልፈታቸውም።

ዛሬ በሬ የለም፤ ማሳውም የጎማ ዛፍ ሆኗል። ያን ሰኞ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ፖታን «ኩንጁ፣ አንተ ጥንድ ያለህ ምንድን ነው?» አለኝ። በታናሽነቴ ዛሬም ኩንጁ ነው የሚለኝ። «ጥንድ ጫማ አለኝ» አልሁት። «የአንተን ጫማ ማን ይፈልጋል?» አለኝ። ቆመን ስናስብ በሁለታችንም ቤት ያለው አዲስና የከበረ ጥንድ አንቺ የላክሽው ሆኖ ተገኘ። ሁለታችንም ደስ አለን። ደንቡን በዘመኑ ዕቃ ያደስነው መስሎን ነበር።

አሁን በየጥቂት ቀኑ ሱማ በአጥሩ ላይ ብቅ ትልና ኤሊያማን «የእኛ ራም እንዴት ነው?» ትላታለች። ኤሊያማም «ደኅና ነው፣ ትንሽ ያለቅሳል እንጂ። እንግዳ ቤት ሆኖበት ይሆናል» ብላ ትመልሳለች። ሁለቱ ይሳሳቃሉ። እኔ ግን ከውስጥ ከንፈራቸውን እያየሁ ምን እንደ ተባባሉ ኤሊያማ እስክትነግረኝ እጠብቃለሁ።

አውጥተው ይጣሉት አልሽኝ፤ እንዴት አድርጌ? ብመልሰው ምእመናኑ ሁሉ የታች ቤት እርቁን መለሰ ይላሉ፤ ፖታንም በዚህ ዕድሜው ዳግም አይንበረከክም። ባስቀረው ደግሞ የሕማማቱ መጽሐፍ ለሕማማቱ አይደርስም። ስለ ይቅርታ ሕይወቴን ሙሉ ሰብኬአለሁ፤ ስለዚህ ዓይነቱ ነገር ግን አባቶች የጻፉትን ብፈልግ አላገኘሁም።

ሳይመለስ፣ ሳይጣልም አብረው የሚኖሩበት መንገድ ካለ ንገሪኝ።

ቀሲስ ኢቲ


ሩዊ
ማርች 26 ቀን 2009
(ነገ በሚበርረው በኩሪየን እጅ)

ለተከበሩት ኢቲ አቸን፤

ሰላምና ጤና ለእርስዎ፣ ለኤሊያማ፣ ለታች ቤት ሁሉ ይሁን። ኩሪየን ሻንጣውን እየዘጋ ስለሆነ አጭር ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።

ደብዳቤዎን ሳነብ ሳቅሁ፤ ከዚያ ሳቁ ጠፋብኝ። እኔም ያልነገርኋችሁ ነገር አለና። ሱቃችን ውስጥ ከአንድ ዓይነት ማዘርቦርድ፣ ራሙ ከሚሰካበት ሰሌዳ፣ ሁለት አልነበረም። መልካቸው የሚመሳሰል ሁለት ዓይነት መርጬ ለእያንዳንዱ የሚስማማውን ራም ለየብቻ ፈልጌ ላክሁ። ልዩነት አለው ካልሁ አንዱ ቤት ተበለጥሁ ይላል ብዬ ዝም አልሁ። ውጫቸውን እኩል አደረግሁ፣ ውስጣቸውን ሸፈንሁ። የእርስዎ ማዘርቦርድ መራጭ ነው፤ የማይወደውን ራም አይቀበልም። የላይ ቤቱ ብዙ ዓይነት ይቀበላል፤ እርሱን የሚያስቸግረው ሁለቱ መደባለቃቸው ነው።

አንድ የሚሞከር ነገር አለ። ሁለት ዲያቆናት አንዱን ዜማ አንዱ ፈጥኖ አንዱ ዘግይቶ ቢያዜሙት ምን እንደሚሆን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ፈጣኑን ወደ ዘገምተኛው ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ኮምፒውተሩ ገና ሲበራ ኤሊያማ ከዚህ ጋር በላክሁት ሥዕል ላይ ያከበብሁትን ቁልፍ ደጋግማ ትጫን። በሚከፈተው ገጽ ላይ የራሙን ፍጥነት ወደ ትንሹ ቁጥር ታውርደውና ታስቀምጠው። ይሠራል ብዬ ግን ቃል አልገባም።

ካልሠራ፣ አቸን፣ ለፖታን አፓቻን እውነቱን ይንገሩአቸው። ለእርስዎ የሚስማማ አዲስ ጥንድ ገዝቻለሁ፤ አብራኝ የምትኖረው ነርስ በሚቀጥለው ሳምንት ስትመጣ ታመጣልዎታለች።

ጂንሲ


ካላምፓራ
ኤፕሪል 3 ቀን 2009፣ የዐርባው ቀን ጾም የሚፈጸምበት ዓርብ

ለተወደድሽው ልጄ ለጂንሲ፤

በአህያ ውርንጭላ ላይ ተቀምጦ የመጣው ንጉሥ ወደ ቤትሽ ይግባ። ብዙ የምነግርሽ አለኝ፤ በትዕግሥት አንብቢው።

ያልሽውን ቁጥር ኤሊያማ አወረደችው። የፖታን ራም እንደማይገራ ከዚያ ቀን አስቀድሞ ሳላውቅ አልቀረሁም። ተነሣ፤ አንድ መዝሙር ጻፍሁ፤ ተስፋ ማድረግ ስጀምር ሰማያዊው ገጽ መጣ።

ተቀምጬ አሰብሁ። የተሰጠን ነገር መመለስ ነውር ነው። በሰጡት ላይ መጨመር ግን ነውር መሆኑን ከማንም አልሰማሁም። የፖታን ኮምፒውተር ብዙ ዓይነት ይቀበላል ብለሽኛል፤ እርሱን ያወከው የእኔ ራም ከእርሱ ጋር መደባለቁ ነው። እንግዲያስ ግማሹ ካወከው ሙሉውን ልስጠው አልሁ። ኤሊያማ የራሴን ራም ስነቅል አይታ «ምን እየሠሩ ነው?» አለችኝ። ነገርኋት። «ከዚያስ እርስዎ?» አለች። «እኔማ እጅ አለኝ» አልሁ። ጥላዬን አቀብላኝ እስከ ደጅ ሸኘችኝ።

ከጠቡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የላይ ቤትን ደረጃ ወጣሁ። ፖታን በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነብ ነበር። አይቶኝ ብድግ አለ።

«ኩንጁ፣ ምን ሆነህ ነው? ሰው ሞተ እንዴ?»

«ማንም አልሞተም። መንታውን አመጣሁልህ።» ከንፈሩን እንዳይ ጠጋ አልሁ።

«የቱን መንታ?»

«የሰጠሁህን ራም ወንድም። ብቻውን ሆኖ እንዳስቸገረህ ሰምቻለሁ። ሁለቱ አብረው ሲሆኑ ደኅና ናቸው።»

ማሸጊያውን ተቀብሎ ገለባብጦ አየው። «አንተስ በምን ትጽፋለህ?»

«በእጄ።»

«የአንተን የእጅ ጽሕፈት ማተሚያ ቤቱ ቢያየው ዶሮ የሄደበት ነው ብሎ ይመልስልሃል።» ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። «ቆይ፣ የእኔውስ? መለስክልኝ ማለትህ ነው?»

«አልመለስሁም። ቤቴ ነው፣ እንደ ተሰካ ነው።»

«ይሠራል?»

በጾም፣ በካህን አፍ፣ ምን ልበል?

«አይሠራም አይደል?»

«አይሠራም፣ ቸታ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሰጠኸኝ ጊዜ ጀምሮ።»

ጋዜጣውን አስቀምጦ መሳቅ ጀመረ። ሱማ ውኃ ይዛ እስክትሮጥ ድረስ ሳቀ። «የእኔም ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሞቶ እየተነሣ ነው» አለኝ፣ ዐይኑን እየጠረገ። «ታፍራለህ ብዬ እኮ ነው ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም ያልሁት። የታች ቤት ሰዎች ደግሞ ስትኮርፉ አትቻሉም።»

«እናንተ ስትኮርፉ መንገድ ትዘጋላችሁ» አልሁት። ይህን ቃል ከአፌ ካወጣሁ በኋላ ደነገጥሁ። እርሱ ግን «እሱስ እውነት ነው» አለና እጄን ይዞ ወደ ውስጥ አስገባኝ። ገና ሳንጣላ እናቴ ለእርዳታ እየተጠራች ትገባበት ወደ ነበረው ክፍል ነው ያስገባኝ። ግድግዳው ቀለም ተቀይሯል፤ መስኮቱ ግን ያው ነው።

ለእርሱ የቀረውን አውጥተን የእኔን መንታ ሁለቱን ሰካን። የፖታን ኮምፒውተር ያለ አንዳች ጩኸት ተነሣ። ሱማ ናት ጩኸት የለም ያለችኝ።

«በል የመምህርህን ወረቀት አምጣና እዚህ ጻፍ» አለኝ ፖታን። «ደግሞ አንተ በአንድ ጣትህ ፊደል እስክትፈልግ ፋሲካ ያልፋል። አንተ አንብብ፣ እኔ እመታለሁ።» ርእሰ መምህር ሳለ ታይፕ ይመታ እንደ ነበር ረስቼው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከጠዋቱ ጸሎት በኋላ ወደ ላይ ቤት እሄዳለሁ። እኔ የሱርስቱን ፊደል እያነበብሁ በማላያላም እጠራለታለሁ፤ እርሱ ይመታል። አንዳንድ ቃል አይጥመውም። «ይሄ ምን ዓይነት ማላያላም ነው? ማን ነው እንዲህ የሚናገር?» ይላል። «ሙታን» እለዋለሁ። እኔ ስለማልሰማው ጆሮዬ ሥር መጥቶ ይጮኻል። በመንገድ የሚያልፉ ሰዎች ጩኸቱን ሰምተው ኤሊያማ ዘንድ መጥተው «እርቁ ፈረሰ እንዴ?» ብለው ጠየቋት አሉ። «የለም፣ ጸሎት እያደረጉ ነው» ብላ መለሰችላቸው። ሱማ ለምሳ ካሳቫና የቃሪያ ድቁስ ታቀርብልናለች፤ ቀጥሎ ወተት የሌለበት ሻይ። እኔ እበላለሁ። በዚያ ቤት እበላለሁ፣ ሞሌ። በየጊዜው በልቼ ስነሣ ምን እንዳደረግሁ ሳይገባኝ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።

መጽሐፉን ትናንት ለማተሚያ ቤቱ አስረክበናል። እስከ ሆሳዕና ማታ ይደርስልናል።

አሁን ይህን ደብዳቤ በችኮላ የምጽፍበት ምክንያት ሌላ ነው። ነርሷ ጓደኛሽ ትናንት አመሻሽ ላይ መጥታ የገዛሽልኝን አዲስ ጥንድ አስረከበችን። አምላክ ይስጥሽ። ኤሊያማ ማሸጊያውን ልትከፍት ስትል እጇን ያዝሁ።

«ምነው? አይስማማም?»

«ሳይስማማ አይቀርም።»

«ታዲያ?»

«ከፖታን ጋር በእርሱ ቤት የሰርጉን ጸሎት ከፋሲካ በኋላ እንጀምር ተባብለናል። ከዚያ የሙታኑ ፍትሐት አለ። እርሱንም ምስጥ በልቶታል።»

አየችኝ። «ይሄንስ የት ልደብቀው?»

«ደብቂ አላልሁሽም። አስቀምጪው ነው ያልሁት።»

መደበቅና ማስቀመጥ እንደሚለያዩ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝ፤ አሁን ድንበራቸው የት ላይ እንደሆነ አልታየኝም። ከመጋረጃው ጀርባ ባለው መደርደሪያ ላይ፣ ከሕፃናቱ የጥምቀት ልብስ ሥር አኑራዋለች። የእኔ ኮምፒውተር በውስጡ የፖታን ራም እንደ ተጠመደ ጸጥ ብሎ ተቀምጧል።

ስለዚህ ሞሌ፣ አንድ ነገር እለምንሻለሁ፤ ከላክሁልሽ ልመና ሁሉ ይህን አብልጠሽ ስሚልኝ። ወደ ላይ ቤት ስትደውዪ የዚህን ጥንድ ነገር አታንሺ። «ለታች ቤት ራም አልተገኘም?» ብለው ቢጠይቁሽ፣ ውሸት እንዳይሆንብሽ፣ ስለ ፖታን ጉልበት ጠይቂያቸው። ስለ ጉልበቱ ማውራት ከጀመረ ሌላውን ይረሳዋል።

የሚያስታርቅ መንፈስ በሥራሽም በማደሪያሽም ይደር፤ ከምትወጂው ሰው ጋር አንድ ገበታ እስክትቀርቢ ድረስ እግዚአብሔር ዕድሜሽን ያርዝመው።

ቀሲስ ኢቲ ቸሪያን፣
በላይ ቤት ጠረጴዛ ላይ የተጻፈ፤ ፖታን ስለ ምን እንደምጽፍልሽ ጠይቆኝ ስለ ጤና ነው ብዬዋለሁ